የወይዘሮ ዮላን ታዳሚዎች

ወይዘሮ ዮላን ቬሬሽ ሞተው ሲነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ በሚገኘው አፓርትመንታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ፤ በግራቸው አየሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ አንዲት ረጅም ድምፅ እንደ ክር እየቀጠነች ከአፋቸው ወጣችና ሶፋው ላይ ተዘረሩ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተተክሎ ቀረ።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

እናቴ እጇን ሳትጠርግ ከወጥ ቤቱ ሮጣ መጣች። ወይዘሮ ዮላን አንዱን ዓይናቸውን ብቻ ወደ እኔ አዞሩና፣ «ሰው እየሞተ አይጮኽም» ብለው ተቆጡኝ። «ትጠብቂያለሽ። የመጨረሻዋ ድምፅ ከአዳራሹ ወጥታ እስክትሄድ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ታጨበጭቢያለሽ። ቀድሞ የሚያጨበጭብ ባለጌ ነው፤ ጨርሶ የማያጨበጭብ ደግሞ ጨካኝ ነው።»

«እትዬ ዮላን፣ ዳሌዎ ገና አልጠናም እኮ!» አለች እናቴ። «ዶክተሩ ምን ነበር ያለው?»

«ዶክተሩ ኦፔራ አያውቅም።»

እንደታዘዝኩት ጠበቅኩ፤ ከዚያ አጨበጨብኩ። እሳቸውም በእናቴ ክንድ ተደግፈው ተነሡና ጀርባቸውን አቅንተው፣ አንገታቸውን በቀስታ ዝቅ አደረጉልኝ። በዚያ ዕድሜዬ ስለ ሞት የነበረኝ ዕውቀት ይኸው ነበር፤ ሰው ይሞታል፣ ይጠበቃል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይነሣል።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት ነበር። እናቴ እታለማሁ በአንድ ኤጀንሲ በኩል አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ስለሚነዳ፣ እኔን የምታስቀምጥበት ስታጣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዛኝ ትሄዳለች። ኤጀንሲው ይህንን ቢያውቅ ከሥራ ያሰናብታት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ በመስታወቱ እያየችኝ፣ «ስልክ ካነሣሁ ድምፅሽ እንዳይሰማ» ስትለኝ፣ ለወይዘሮ ዮላን ዘፈን ክብር የሚደረግ ጸጥታ ይመስለኝ ነበር።

ሌሎቹ ሠራተኞች «ሚስ ዮላን» ይሏቸዋል። እናቴ ግን በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት በባዶ ስሟ መጥራት አልሆንልሽ ስላላት «እትዬ» ትላቸው ነበር። እሳቸውም ቃሉን በእኛ አገር ለታላላቅ ዘፋኞች ብቻ የሚሰጥ ማዕረግ አድርገው ወስደውት ስለነበር በተጠሩ ቁጥር አገጫቸው ቀና ይላል።

የሕይወታቸውን ታሪክ የሰማሁት እናቴ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ስታሽ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነው። የተወለዱት ሃንጋሪ ውስጥ ጂዮር በምትባል ከተማ ነበር። ቡዳፔስት በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊመረቁ ሲቃረቡ ታንኮች ከተማዋ ውስጥ ገቡ። ከእናታቸውና ዐሥራ አራት ዓመት ከሆናት እህታቸው ከካቲ ጋር ወደ ኦስትሪያ ድንበር የሚሄድ ባቡር ተሳፈሩ። እንዳይጠረጠሩ የማይተዋወቁ መስለው በተለያየ ፉርጎ ተቀመጡ። ድንበሩ አጠገብ ወታደሮች ባቡሩን አስቆሙና እናትና ልጅን አወረዱ።

«በመስኮቱ አየኋት» ይሉ ነበር ወይዘሮ ዮላን። «ትንሿ፣ ካቲ፣ የጣቢያው መድረክ ላይ ቆማ በቀጥታ ታየኛለች። እንዳንተዋወቅ አስጠንቅቀናት ስለነበር እጇን አላነሣችም። ጎበዝ ልጅ ናት፤ የተባለችውን ትፈጽማለች።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለእኔ ተረት ነበር። በኦስትሪያ ከብዙዎች ጋር በኅብረት ዘፈኑ። በአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ኦፔራ ቤት መድረክ ላይ በር የምትከፍት፣ ሻማ የምታበራ፣ ለዋናዋ ሴት «ጌታዬ መጡ» የምትል ገረድ ሆነው ዓመታት አሳለፉ። አንድ ምሽት የዋናዋ ዘፋኝ ድምፅ ተዘጋና የእሷን ቦታ እሳቸው ያዙ። «ያን ዕለት መድረክ ላይ በራሴ ሞት ሞትኩ» ይላሉ፤ «ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመልኝ።» በሚቀጥለው ሳምንት ዋናዋ ዳነች፤ እሳቸውም ወደ በራቸው ተመለሱ። በኋላ መሐንዲስ አግብተው ወደ ዋሽንግተን መጡ። ባላቸው አረፉ። በሰው ሠርግና በሰው ቀብር ዘፈኑ፤ በዚያው ሳሎን ልጆች አስተማሩ፤ የድምፃቸው ጫፍ ሲሰነጠቅ ግን ማስተማሩንም ተዉት።

እኔ የሰማሁት የዚያን አንድ ምሽት ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዮላን ሕይወታቸውን ሙሉ ሕዝብ ሲቆምላቸው የኖሩ ንግሥት ይመስሉኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ስማቸውን ፈልጌ ያገኘሁት በአንድ አሮጌ የትርኢት ማስታወቂያ ግርጌ፣ «ሁለተኛ ገረድ» ከሚለው አጠገብ፣ ያውም በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ነው።

«እታለማሁ፣ ድምፄን ልሰናበተው እፈልጋለሁ» ይሏት ነበር እናቴን። «ዐሥር ሰው ይበቃኛል። ዐሥር ሰው ተቀምጦ ቢሰማኝ ያኔ እዘጋዋለሁ።»

«ይሆናል እትዬ» ትላለች እናቴ፣ ፎጣውን እያጠፈች።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። እዚያው ሃንጋሪ የቀረችው ካቲ ናት። ሁለቱ በሃንጋሪኛ ይሳሳቃሉ፤ ቀጥሎ ካቲ እጀታውን ፒያኖዋ ላይ ታስቀምጥና ትጫወታለች፤ ወይዘሮ ዮላን ስልኩን በሁለት እጃቸው አቅፈው በለሆሳስ ያዜማሉ። ሁልጊዜ «ትንሿ» ስለሚሏት እኔ በሐሳቤ የምስላት ባለ ሁለት ሹሩባ፣ የእኔ እኩያ አድርጌ ነበር፤ ትንሽም እቀናባት ነበር። ያን ጊዜ ካቲ ስልሳ አራት ዓመት የሆናት፣ ስኳር ያለባት፣ ጡረታ የወጣች የፒያኖ መምህርት ነበረች።

በየካቲት ወር፣ አንድ ረቡዕ ማታ፣ ጋሽ ተሻገርና እትዬ የዓለምዘርፍ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን መጡ። ጋሽ ተሻገር ከታክሲ ጡረታ የወጡ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው፤ በሰፈራችን ለሽምግልናም ለመርዶም የሚፈለጉት እሳቸው ነበሩ። እትዬ የዓለምዘርፍ ጎረቤታችን ናት። እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

«ጋቦር የሚባለው ደወለ» አለች እናቴ። «የካቲ ልጅ። እትዬ ዮላን ሻወር ውስጥ ነበሩ። ‹እናቴ ትናንት ሞተች፤ አጠገባቸው ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪልኝ› ብሎኝ እያለቀሰ ዘጋው።»

«ጉድ እኮ ነው! መርዶ በስልክ?» አለች እትዬ የዓለምዘርፍ። «ያውም በሠራተኛ በኩል!»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?» አሉ ጋሽ ተሻገር።

«ምን እላለሁ ጋሼ? ከሻወር ወጡ፤ ፎጣ አቀበልኳቸው። ፀጉሬን አድርቂልኝ አሉኝ፤ አደረቅኩላቸው።»

«ደግ አደረግሽ። ደጋፊ በሌለበት፣ ያውም የታመመ ልብ ይዘው!»

«ኤጀንሲውን ኮል አድርጌ ነበር። ‹የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስታፍ አይገባበትም› አሉኝ። ቤተሰብ ደግሞ የላቸውም።»

«ሰው ይጠራላቸዋላ!» አለች እትዬ የዓለምዘርፍ። «ከማኅበሩ ዐሥር ሰው አላጣም።»

«ሃንጋሪኛ የሚችል አለሽ?» አለች እናቴ።

«ለቅሶ ሃንጋሪኛ ነው እንዴ?»

ጋሽ ተሻገር ፈገግ ሊሉ ቃጥቷቸው ተዉት። «ቅዳሜ በማለዳ ይሁን» አሉ። «እህል ሳይቀምሱ። እኔ እናገራለሁ፤ እታለማሁ ትተረጉማለች። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጡ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካቲ ሞታለች፤ ስለዚህ ትንሿም በመጨረሻ ትልቁን፣ የምትሞተዋን ሴት ቦታ አግኝታለች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለወይዘሮ ዮላን ዐሥር ሰው ተጠርቷል። እርሳሴን ጥዬ «ካን አይ ካም?» አልኩ።

«ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር አይወሰድም» አሉ ጋሽ ተሻገር።

«የት ላስቀምጣት ጋሼ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ስለደከመ፣ ሁለተኛ የሚከራከር አልነበረም።

ዛሬ የሕክምና ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ባለፈው ወር ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ነበረን። ሰውየውን ጸጥ ወዳለ ክፍል ለብቻው ውሰዱት፤ ተቀመጡ፤ «ሞቷል» የሚለውን ቃል በግልጽ ተናገሩ፤ ከዚያ ዝም በሉ። የሟች እኅት ሆና የተቀጠረች ተዋናይት ፊቴ ተቀመጠች። ሁሉን በሥርዓቱ ፈጸምኩ። እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «በጣም ጥሩ» አለችኝና ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ። መምህሩ ጥያቄ እንዳለ ሲጠይቁ እጄን አነሣሁ። «ለብቻው የሚለው ለምንድን ነው?» ልል ፈልጌ ነበር። እጄን መልሼ አወረድኩ።

በዚያ ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት በረዶ ስለጣለ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እናቴም ይዛኝ ሄደች። የወይዘሮ ዮላንን የደም ግፊት ከለካች በኋላ፣ መለኪያውን እየጠቀለለች፣ «ቅዳሜ ጠዋት የማውቃቸው ሰዎች ሊጠይቁዎት ይመጣሉ እትዬ» አለቻቸው።

«እንግዶች? ስንት?»

«ዐሥር። ምናልባት ዐሥራ ሁለት።»

ወይዘሮ ዮላን ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ ከደኑና በጣቶቻቸው መካከል፣ «አንቺ ሴት!» አሉ። «ሰበሰብሽልኝ!»

ደስታቸውን ማፍረስ ማለት ብቻቸውን በሐሙስ ቀትር መርዶውን መንገር ነበር፤ ወይም መዋሸት ነበር። እናቴ ሁለቱንም አላደረገችም። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ግን ምንም ሳይታጠብበት ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እኔ ደግሞ የምሥራቹ ተካፋይ በመሆኔ ኮርቼ፣ «እነሱ ቅዳሜ በማለዳ ነው የሚመጡት» እያልኩ ሶፋው ዙሪያ እዘል ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሦስት መኪና ሲልቨር ስፕሪንግን ከአሌክሳንድሪያ የሚለየውን ወንዝ ተሻገርን። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። እትዬ የዓለምዘርፍ በፎይል የተሸፈነ የንፍሮ ድስት ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ለትርኢት የሚቀርብ ፋንዲሻ ነገር መስሎኝ ነበር። ሕንፃው መግቢያ ላይ የተቀመጠው ወጣት ብድግ አለ።

«ወደ ማን ናችሁ?»

«ሚስ ዮላን።»

«ምናቸው ናችሁ?»

«ፋሚሊ» አለች እትዬ የዓለምዘርፍ፣ ድስቱን ከፍ አድርጋ።

«ሁላችሁም?»

«ፋሚሊ!»

ወይዘሮ ዮላን በሩን የከፈቱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አረንጓዴ ከፋይ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከንፈራቸው ቀልቷል፤ አንገታቸው ላይ ሉል አለ። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ነጭ የለበሱትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩና ዓይናቸው ሞላ። «ለእኔ ብላችሁ እንዲህ ለብሳችሁ!» አሉ። ከዚያ ወዲያው ሰዓታቸውን አይተው፣ «ግን ምን ዓይነት ሰዓት ነው ይህ? ድምፅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይነቃም! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብለው ጉሮሯቸውን ሊያሟሙቁ መኝታ ቤት ገቡ።

ከግድግዳው ጀርባ ማንጎራጎር ተሰማ። ጋሽ ተሻገር ወደ እናቴ ዘንበል አሉ።

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«ሰው ሊጠይቅዎት ይመጣል ነው ያልኩት ጋሼ። ምንም አልጨመርኩም።»

«ታዲያ አሁን ግቢና አስረጃቸው!»

«እኔ? ተናጋሪው እርስዎ አይደሉም?»

ጋሽ ተሻገር ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እስከ መኝታ ቤቱ በር ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ዮላን መስታወት ፊት ቆመው ሉላቸውን እያቃኑ ለራሳቸው ፈገግ ሲሉ አይተው ይመስለኛል። ተመልሰው መጥተው ተቀመጡና፣ «እግዚኦ!» አሉ።

ሦስት ሰዓት አልፎ ወይዘሮ ዮላን ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት ድስቱን ነው። «ምግብም አምጥታችኋል?» ብለው ፎይሉን ገለጡ። ማንም ሳይደርስባቸው ጥቂት ስንዴና ሽምብራ ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ዐሥራ ሁለቱም ሰዎች ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። «ጣፋጭ ነው» አሉ እያኘኩ። «ምን ይባላል?»

እናቴ «ንፍሮ» አለች። መቼ እንደሚበላ አልተረጎመችም።

ከዚያ ዘፈኑ። ያለ ፒያኖ፣ በአንድ እጃቸው የወንበር መደገፊያ ይዘው፣ ያቺ ዋናዋ ሴት ስትሞት የምትዘፍነውን ዘፈኑ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ሞቅ ያለ ነበር፤ ከፍ ሲል ግን እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ስንጥቁን አልሸሹም፣ በላዩ ሄዱበት። እትዬ የዓለምዘርፍ የመጣችበትን ለቅሶ መያዝ አቃታት። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ በነጠላዋ አፏን አፈነች፤ ከእሷ ወደ ጎኗ፣ ከፊተኛው ረድፍ ወደ ኋለኛው ተሻገረ። ጋሽ ተሻገር ሳይቀሩ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ሲጨርሱ የመጨረሻዋ ድምፅ እስክትወጣ ጠብቄ አጨበጨብኩ። ሌሎቹም፣ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው፣ እያለቀሱ አጨበጨቡ።

ወይዘሮ ዮላን ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስዘፍን» አሉ፣ «እንዲህ ያለቀሰልኝ ሰው የለም። ቋንቋውን እንኳ አታውቁትም!» ከዚያ እንደ ልጅ እጃቸውን አጋጩ። «አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አሁን ካቲ ትደውላለች። ማንም እንዳይሄድ! ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ሰላም ትሏታላችሁ።»

«እትዬ ዮላን…» አለች እናቴ። መንበርከኳን አስታውሳለሁ። እጃቸውን ያዘች። «እትዬ…»

«ታውቂያለሽ፣ ያን ዕለት ባቡሩ ላይ እጇን አላነሣችም» አሉ ወይዘሮ ዮላን ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «ዛሬ ምን እንዳለፋት እነግራታለሁ።»

ሁላችንም ስልኩን ተመለከትን። አልጮኸም። ወይዘሮ ዮላን ቆይተው፣ «ሰነፍ!» አሉና ሳቁ፤ እጀታውን አነሡና ቁጥሮቹን ራሳቸው ይጫኑ ጀመር። የእናቴ እጅ ወደ ስልኩ ተዘርግቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ለዓመታት ስንቱን ያጽናኑት ጋሽ ተሻገር ተነሥተው እዚያው ቆሙ። ይህንን ክፍል ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ በሐሳቤ ገብቼበታለሁ። ከፍተኛውን ነጥብ ይዤ፣ ቃሉን በግልጽ ለመናገር ተዘጋጅቼ እገባለሁ፤ እኔም እዚያው እንደ እነሱ ቆሜ እቀራለሁ።

«ጋቦር?» አሉ ወይዘሮ ዮላን በደስታ። በሃንጋሪኛ ብዙ ተናገሩ፤ እጃቸው በአየር ላይ ሁለቱን የወንበር ረድፎች ያሳይ ነበር። ከዚያ አቆሙ። አዳመጡ። የሚያሳየው እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ወዲያው ሁሉም ተነሣ። ሁለቱ ሴቶች እንደተባሉት ግራና ቀኝ ያዟቸው፤ እናቴ ስልኩን ከጣታቸው አላቀቀች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቀዘቁና ዙሪያቸውን ከበቡ። ወይዘሮ ዮላን ከዚያ በፊት ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀው አንድ ድምፅ አወጡ። እትዬ የዓለምዘርፍ ያንን ድምፅ ተቀብላ በአማርኛ አስረዘመችው፤ ሌሎቹም ደገፉት። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ዘፈን ነበር፤ ደግሞም ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ሰዎቹ ዘፋኟን አቅፈው ደስታቸውን የሚገልጹ መሰለኝ።

ወይዘሮ ዮላን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሲዘፍኑ ግን አልሰማኋቸውም።

የዚያን ጠዋት ለቅሶው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። እንደተማርኩት ጠበቅኩ። የመጨረሻዋ ድምፅ ከክፍሉ ስትወጣ፣ ከኋላ፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም ዝም በይ ለማለት አቅም አልነበረውም። በከበቧቸው ነጫጭ ክንዶች መካከል የወይዘሮ ዮላን ፊት ታየኝ፤ የከንፈራቸው ቀለም እስከ አገጫቸው ወርዷል። ጭብጨባው ከየት እንደሚመጣ በዓይናቸው ፈለጉ። ካገኙኝ በኋላ፣ ሁለቱ ሴቶች እንደያዟቸው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ አንገታቸውን በቀስታ ዝቅ አደረጉልኝ።